የእናቴ ካርድ

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ምሳሌ ገና በሦስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈውልን በደብተሬ ገልብጨው ነበር። በፈተናም ትርጉሙን ተጠይቄ በትክክል መልሻለሁ። ይሁን እንጂ ምሳሌን በደብተር መገልበጥና ምሳሌው በገዛ ራስ ላይ ሲደርስ ማየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተረዳሁት፥ ባለፈው ዓመት ለእናቴ ቢዝነስ ካርድ በስልክ አዝዤ ባሳተምሁ ጊዜ ነው። ይህንን ታሪክ በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ለመጻፍ ያሰብሁት ራሴን ለማስመስገን አይደለም፤ በታሪኩ ውስጥ የምመሰገንበት ስፍራ ጥቂት ነውና። ነገር ግን ከመካከላችን በስልኩ አንድ ነገር ያላዘዘ ወይም ነገ የማያዝዝ ስለማይኖር፥ የእኔ ስሕተት ለጓደኞቼ ትምህርት ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እንሴኖ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የገበያ ከተማ መሆንዋን፥ በዙሪያዋም የሚበቅለውን በርበሬ አገር ያወቀው መሆኑን ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። እናቴ የምትተዳደረው በዚሁ በርበሬ ነው። ከገበሬዎች እጅ ዛላውን ትገዛለች፤ በፀሐይ ታሰጣዋለች፤ ትቀነጥሰዋለች፤ የሚፈልግ ሰው ካለም ከነጭ ሽንኩርቱ፥ ከዝንጅብሉ፥ ከኮረሪማውና ከጥቁር አዝሙዱ ጋር አሰናድታ ታስፈጭለታለች። ከደንበኞችዋ ብዙዎቹ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የአገራችን ልጆች ናቸው። እነርሱም እንደምናውቀው መስከረም 17 ቀን ለሚውለው ለመስቀል በዓል ወደየትውልድ ቀያቸው ይመጣሉ። በዓሉ አልፎ ሲመለሱም «አዲሱ በርበሬ ሲደርስ እንደውልልሻለን» ብለዋት ይሄዳሉ።

ችግሩም ከዚህ ላይ ነበር። እናቴ የስልክ ቁጥርዋን የምትሰጣቸው በእጅዋ በገባ ወረቀት ላይ ነው፤ አንዳንዴ በስኳር ከረጢት ቁራጭ፥ አንዳንዴም ከእኔ ደብተር በተቀደደ ቅጠል ላይ እኔ ወይም ታናሽ እኅቴ እንጽፍላታለን። ወረቀቱም ይጠፋል። መርካቶ የምትነግድ አንዲት ደንበኛዋ እንዲህ አለቻት፤ «ቁጥርሽን በስልኬ መዝግቤው ነበር፤ ስልኬ ሲሰረቅ አብሮ ሄደ። ካርድ ቢኖርሽ ኖሮ በማድ ቤቴ ግድግዳ ላይ እሰካው ነበር፤ ለጎረቤቶቼም አሳያቸው ነበር»። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካርድ የማሳተም ሐሳብ ከእናቴ ልብ አልወጣም።

ነሐሴ ሲገባ ወደ እኔ መጥታ «ልጄ፥ አንተ ስልክ ትነካካለህ፤ ይህንን ነገር አዲስ አበባ ሳልሄድ ማሠራት ይቻላል ይላሉ፤ ለመስቀል እንዲደርስልኝ እዘዝልኝ» አለችኝ። ገንዘቡንም አስቀድማ ለይታ ይዛ ነበር። ሦስት ሺህ ብር ነው። ይህ ገንዘብ ለባለ ጠጋ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለእናቴ ግን ስንት ዛላ ተቀንጥሶ፥ ስንት ጊዜ ዓይን ተቃጥሎ እንደሚገኝ እኔ አብሬያት የምቀነጥሰው አውቃለሁ።

እኔም እጅግ ተደሰትሁ። በቴሌግራም ሥራ የሚቀበል አንድ የአዲስ አበባ ማተሚያ ቤት አግኝቼ ጻፍሁለት። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ጥያቄዎቹም ብዙ ነበሩ። ካርዱ ባንድ ወገን ይታተም ወይስ በሁለት ወገን? ላዩ የሚያብረቀርቅ ይሁን ወይስ የደበዘዘ? ወረቀቱ ስንት ግራም ይሁን? መጠኑ 9 በ5 ሳንቲ ሜትር ይሁን? ለመሆኑ ወረቀት በግራም የሚለካ መሆኑን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ይኸውም አንድ ካሬ ሜትር የሚሆነው ወረቀት ሲመዘን የሚገኘው ክብደት ሲሆን፥ የደብተራችን ወረቀት ከመቶ ግራም በታች ነው፤ ለካርድ የሚሆነው ግን 300 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ አይተጣጠፍም። ባለ 300 ግራሙን መረጥሁ፤ በሁለት ወገን፥ ብዛቱም 500 ይሁን አልሁ። የእናቴን ስም፥ የሥራዋን ዓይነት፥ የስልክ ቁጥርዋንና የከተማችንን ስም ጻፍሁ፤ በግቢያችን የተሰጣውን በርበሬ ፎቶግራፍ አንሥቼ ላክሁ። የዋጋውንም እኩሌታ በቴሌብር ከፈልሁ። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ቢሆን ኖሮ ቀብዱን ለመክፈል ሌላ መንገድ መፈለጌ አይቀርም ነበር። ሁሉ ነገር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አለቀ። ከእንሴኖ ሳልወጣ፥ ከተቀመጥሁበትም በርጩማ ሳልነሣ!

በሦስተኛው ቀን ማታ ከጓደኞቼ ጋር የእንግሊዝን እግር ኳስ ጨዋታ እያየሁ ሳለሁ የካርዱ ንድፍ በስልኬ መጣልኝ። ከሥሩም «በጥንቃቄ አይተው ያጽድቁ፤ ከጸደቀ በኋላ ለሚገኝ ስሕተት ኃላፊ አይደለንም» የሚል ቃል ተጽፎ ነበር። ንድፉን ከፈትሁት። የእናቴ ስም በወርቅማ ቀለም፥ በስተቀኝ በርበሬው እንደ ፍም ቀልቶ ይታያል። ለጓደኞቼ አሳየኋቸው፤ ሁሉም አደነቁ። በዚያው ቅጽበት አንደኛው ቡድን ወደ ጎል ሲገሰግስ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። እኔም አንድ ዓይኔን በቴሌቪዥኑ፥ ሌላውን በስልኩ ላይ አድርጌ «እሺ፥ ይታተም» ብዬ ጻፍሁ። ኳሱ አልገባም። «እሺ» የሚለው ቃል ግን ገባ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የተባለው ለዚህ ነው።

ካርዱ ከመስቀል አሥር ቀን አስቀድሞ በመኪና ተጭኖ ቡታጅራ ደረሰ፤ ከዚያም ሄጄ አመጣሁት። የቀረውንም ክፍያ ፈጸምሁ። እናቴ እጅዋን ታጥባ፥ በነጠላዋ አድርቃ አንዱን ካርድ አነሣችው። ፊደል የቈጠረችው በጎልማሳነትዋ በመሆኑ ረዘም ያለ ጽሑፍ አይቀናትም፤ ስምዋን ግን ታውቀዋለች። ጣትዋን በስምዋ ላይ አድርጋ ፊደል በፊደል አነበበችው። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «ስሙስ እኔ ነኝ፤ በርበሬው ግን የእኔ አይደለም፤ ያምናውን ይመስላል» አለች። እውነትዋን ነበር፤ በስልኬ እንደ ፍም የቀላው በርበሬ በወረቀቱ ላይ ደብዝዞ ነበር። የዚህንም ምክንያት በኋላ ተማርሁት። የስልክ መስተዋት ቀለምን የሚያሳየው በቀይ፥ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ማተሚያ መኪና ግን በቢጫ፥ በውኃ ሰማያዊ፥ በሐምራዊማ ቀይና በጥቁር ቀለም ይሠራል። ብርሃን የሚያሳየውን ሁሉ ቀለም ሊያሳይ አይችልም። ይሁን እንጂ ይህ ጥቃቅን ነገር ደስታችንን አልቀነሰውም። አባቴም አንዱን ካርድ በኪሳቸው ከተቱ።

መስቀል ሆነ። እንግዶች መጡ። እናቴ ለእያንዳንዱ ሰው ካርድዋን በሁለት እጅዋ ትሰጥ ነበር። ሁለት መቶ ያህል ካርድ በዚያ ሳምንት ተሰጠ። እንግዶቹም ተመለሱ። መስከረም አለቀ፤ ጥቅምት ገባ። የሚደውል ሰው ግን ጠፋ። በቀድሞው ዓመት በዚያ ወቅት ስልኩ በቀን ብዙ ጊዜ ይጮኽ ነበር፤ አሁን ግን የሚደውሉት ቁጥሩን ከድሮ ጀምሮ የሚያውቁት ብቻ ሆኑ። እናቴም «ዘንድሮ ሰው ኑሮ ከብዶታል መሰለኝ» ብላ ለራስዋ ምክንያት ሰጠች። አዲስ በርበሬ ለመግዛት ያሰበችውንም መጠን ቀነሰች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ታናሽ እኅቴ በአባቴ ስልክ ስትጫወት፥ ከካርዱ ላይ ቁጥሩን እያየች ደወለች። የእናቴ ስልክ ከጎንዋ ተቀምጦ ሳይጮኽ፥ ከወዲያ በኩል የአንድ ጎልማሳ ሰው ድምፅ ተሰማ፤ «በርበሬ የለኝም አልሁ እኮ! እኔ ያለሁት ዲላ ነው፤ የምነግደውም ቡና ነው! ዛሬ አራተኛሽ ነሽ!» እኅቴ ደንግጣ ስልኩን ጣለችው። እኔ ካርዱን አንሥቼ ቁጥሩን ከእናቴ ቁጥር ጋር አስተያየሁት። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል። በ83 ፈንታ 38 ተብሎ ታትሟል።

በዚያን ጊዜ የተናገርሁትን ቃል አሁን ስጽፈው አፍራለሁ። «እነዚያ ማተሚያ ቤቶች አበላሹብን!» አልሁ። እናቴም አመነችኝ። እንዴት አታምነኝም? እኔ የተማርሁ ልጅዋ ነኝ። ወዲያው ጎረቤት ሰማ። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ከዚሁ ማተሚያ ቤት ለራሱ ካርድና ደረሰኝ ሊያሳትም ተስማምቶ ነበርና፥ «እንግዲያው እኔም ይቅርብኝ» ብሎ ትእዛዙን ሰረዘ።

እኔም ለማተሚያ ቤቱ የቍጣ ደብዳቤ ልጽፍለት ተነሣሁ። ማስረጃ ይሆነኝ ዘንድ በነሐሴ የላክሁትን መልእክት ወደ ላይ እየገፋሁ ፈለግሁት፤ አገኘሁትም። በገዛ እጄ የጻፍሁት ቁጥር በ38 ይጨርሳል። ማተሚያ ቤቱ የላክሁለትን ቁጥር አንዲት ነጥብ ሳይለውጥ አትሞታል። ስሕተቱ የእኔ ነበር። አንድ ጊዜ ስጽፈው ተሳሳትሁ፤ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ንድፉ ተልኮልኝ ሳላነብ «እሺ» ስል ተሳሳትሁ። ሦስተኛ ጊዜ የተሳሳትሁት ግን ከሁለቱ ይከፋል፤ በሰው ላይ አላከክሁት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ወገን «ዝም በል፤ ማን ያውቃል? መልእክቱን አጥፋው» ይለኛል። እውነትም ማጥፋት ይቻል ነበር፤ አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ይበቃል። ሌላው ወገን ደግሞ የልብስ ሰፊውን ነገር ያስታውሰኛል። ስለ እኔ ቃል አንድ የማላውቀው ሠራተኛ እንጀራው ጎድሎበታል። ያም ሠራተኛ እንደ እናቴ በእጁ ሥራ የሚያድር ሰው ነው። እናቴ በርበሬዋ አፈር አለበት ተብላ በሐሰት ብትታማ ምን ይሰማኝ ነበር? ይህ ሐሳብ ሲመጣብኝ ተነሥቼ ተቀመጥሁ።

በማግስቱ እናቴ ዛላ ስትቀነጥስ አጠገብዋ ተቀመጥሁና «እማ፥ ቁጥሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኋት። መልእክቱንም አሳየኋት። ቁጥርን ጠንቅቃ ታነባለችና አስረጂ አላስፈለጋትም። እጅዋ ሥራውን አላቆመም። ብዙ ጊዜ ዝም አለች፤ እኔም ቍጣዋን ጠበቅሁ። በመጨረሻ እንዲህ አለች፤ «ገንዘቡስ ገንዘብ ነው። እኔ ግን ለሰው ሁሉ ያንን ሰው ሌባ ብዬዋለሁ። እኔን ነው ሐሰተኛ ያደረግኸኝ። ተነሥና ከልብስ ሰፊው ጀምር»።

ሄድሁ። ልብስ ሰፊው በመኪናው ላይ እንዳጐነበሰ አዳመጠኝ። «ጋሼ፥ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ የላክሁትን ነው ያተመው» አልሁት። ከመነጽሩ በላይ አየኝና «ይህንን ለመናገር ስንት ቀን አሰብህ?» አለኝ። «አንድ ሌሊት» አልሁ። «ብዙ ነው፤ ግን ደኅና ነው» ብሎ ሳቀ። ትእዛዙንም እንደገና ላከ። ለማተሚያ ቤቱ የቍጣውን ደብዳቤ ትቼ የይቅርታ ቃል ጻፍሁ።

ከዚህ በኋላ የቀረኝ የዲላው ሰው ነበር። ስደውልለት ገና አፌን ሳልከፍት «በርበሬ…» ብሎ ጀመረ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፥ በርበሬ ፈልጌ አይደለም፤ ያስቸገርሁዎት እኔ ነኝ» ብዬ ነገሩን ሁሉ ነገርሁት። ሰውዬው ሲስቅ ስልኩ በጆሮዬ ላይ ተንቀጠቀጠ። «አንተ ልጅ፥ ሰው ሁሉ ስለ በርበሬ ሲጠይቀኝ አብጃለሁ ወይ ብዬ ነበር» አለኝ። ከዚያም ራሱ ትክክለኛውን ቁጥር ጠየቀኝና ጻፈው። የሚደውሉለትንም ሁሉ ወደ እናቴ መራቸው። እናቴ ይህንን በሰማች ጊዜ በዚያ በኩል የሚሄድ ሹፌር ፈልጋ፥ ከተዘጋጀው በርበሬ ሁለት ኪሎ ለማታውቀው ሰው ላከችለት። «የእኔን ደንበኛ የመለሰልኝ ሰው ወጡ አይቅጠንበት» አለች።

የተረፈው ሦስት መቶ ካርድ ነው። እንደገና ለማሳተም ገንዘብ አልነበረም። ቀጭን ጫፍ ያለው ብዕር ለመዋስ ወደ አማርኛ መምህራችን ሄጄ ምክንያቱን ስነግራቸው፥ አስቀድመው የጠየቁኝ ነገር «አራሚው ማን ነበር?» የሚል ነው። ጥያቄያቸው አልገባኝም። እርሳቸውም አስረዱኝ። በአገራችን ስመ ጥር የሆነው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋምና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፥ ኅትመት የሚሠራው በእርሳስ ፊደል ነበር። ፊደል ለቃሚው እያንዳንዱን ፊደል ከሣጥኑ እየለቀመ ይደረድራል። ፊደሉም እንደ መስተዋት ምስል የተገለበጠ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል 26 ሲሆን፥ የእኛ 33ቱ በሰባት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉና የለቃሚው ድካም ቀላል አልነበረም። ስለዚህ መኪናው ከመነሣቱ አስቀድሞ አንድ ናሙና ይታተማል፤ እርማት ዋና ሥራው የሆነ ሰውም ከደራሲው ጽሑፍ ጋር እያስተያየ በእርሳስ ያርመዋል። «ዛሬ በስልክ ስታዝዝ ግን» አሉኝ መምህሩ፥ «ፊደል ለቃሚው አንተ ነህ፤ አራሚውም አንተ ነህ፤ ‹እሺ› ያልኸውም ቃል ፊርማህ ነው። ሦስት ሰው የሚሠራውን ሥራ ለአንድ ሰው ሰጥተው አገልግሎቱን ፈጣን አደረጉት፤ ፍጥነቱ ከየት እንደ መጣ ግን አትርሳ»።

ይህ አነጋገራቸው በልቤ ስለ ቀረ ስለ ነገሩ ጥቂት አነበብሁ። በአውሮፓ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መኳንንት ሰው ለመጠየቅ ሲሄዱ ስማቸው የተጻፈበትን ካርድ ያስቀምጡ ነበር። የዛሬው ቢዝነስ ካርድ ዘመድ ይኸው ነው። በጃፓን ደግሞ ካርድ የሚሰጠው በሁለት እጅ ነው፤ የተቀበለውም ሰው ሳያነብ ወደ ኪሱ አይከተውም፤ እንዲህ ማድረግ ነውር ነው። እናቴ ጃፓን የምትባል አገር ባሕል ማንም ሳይነግራት ካርድዋን በሁለት እጅዋ የሰጠችው፥ እኛም ለታላቅ ሰው ዕቃ የምናቀብለው በሁለት እጅ ስለ ሆነ ነው። በውጭ አገር ካርድን በኮምፒዩተር ማዘዝን ካስፋፉት ድርጅቶች አንዱ ቪስታፕሪንት ሲሆን፥ ሮበርት ኪን የሚባል ሰው በ1995 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ከተማ መሠረተው። የዚህ ዓይነት ሥራ ዋጋው የሚረክሰው የብዙ ሰዎችን ካርድ ባንድ ትልቅ ወረቀት ላይ አትሞ በኋላ በመቍረጥ ነው። እንግዲህ «እሺ» ካልን በኋላ «ቈይ፥ አንዲት ቁጥር ላርም» ብንል የማይቻለው ለዚህ ነው፤ የእኛ ካርድ ከማናውቃቸው ሰዎች ካርድ ጋር አብሮ ታትሟልና።

ሦስት መቶውን ካርድ በእጄ አረምሁት። የተሳሳቱትን ሁለት አኃዞች በቀጭን መስመር ሰርዤ ከላያቸው ትክክለኛውን ጻፍሁ። በቀን ሠላሳ፥ አንዳንድ ቀንም ሃምሳ እየሠራሁ በሰባት ማታ ጨረስሁት። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር አደረግሁ፤ በመጀመሪያው ካርድ ላይ በጻፍሁት ቁጥር ደወልሁ። የእናቴ ስልክ በማድ ቤት ጮኸ። ያን ድምፅ ስሰማ የተሰማኝን ደስታ በፈተና መቶ ባገኝም አላገኘውም።

ውድ ጓደኞቼ፥ ከዚህ ሁሉ በኋላ የተማርሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፥ ንድፉ ሲመጣ ቁጥሩን ከንድፉ ላይ እያያችሁ ደውሉ። የሚጮኸው የእናንተ ስልክ ካልሆነ አታጽድቁ። ዛሬ በአገራችን በ09 የሚጀምርም በ07 የሚጀምርም ቁጥር አለና የመጀመሪያውንም አኃዝ ተመልከቱ።

ሁለተኛ፥ ጽሑፉን ላልጻፈው ሰው አስነብቡ። የጻፈ ሰው የሚያየው በወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይሆን በልቡ ያሰበውን ነው። እኔ 38ን እያየሁ 83 አንብቤአለሁ። የእኔን ስሕተት ያገኘችው የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት።

ሦስተኛ፥ ስምን ፊደል በፊደል እዩ። በአማርኛ ሀ፥ ሐ፥ ኀ፤ ሰ፥ ሠ፤ አ፥ ዐ በድምፅ አንድ ስለ ሆኑ አታሚው በራሱ ልማድ ሊለውጣቸው ይችላል። ከዚህም በላይ የእኛ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ ፊደል ፕሮግራሞች በየራሳቸው ሥርዐት ይጽፉ ነበር። በእነዚያ የቈዩ ፕሮግራሞች የሚሠራ ቤት ካጋጠማችሁ የላካችሁት ጽሑፍ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ሊከፈትለት፥ እርሱም እንደገና ሊጽፈው ይችላል። እንደገና የተጻፈ ነገር እንደገና መነበብ አለበት።

አራተኛ፥ ፎቶግራፍ ስትልኩ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ መጠኑ ተጨምቆ ይሄዳል። 9 በ5 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ካርድ በደኅና ለማተም 1063 በ591 ነጥብ ያህል ያለው ሥዕል ያስፈልጋል። ጽሑፍም ከካርዱ ጠርዝ ራቅ ይበል፤ የሚቈርጠው መኪና ጥቂት ሊያዘነብል ይችላልና።

አምስተኛ፥ የመጀመሪያው ትእዛዝ ትንሽ ይሁን። 500 ሲሆን የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል ብዬ ነበር፤ ስሕተቱ ግን በ500 ተባዛ።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ስለ ማተም አይደለም። ጥፋት ሲገኝ ጣታችሁን ወደ ሩቅ ሰው ከመዘርጋታችሁ በፊት የጻፋችሁትን ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አንብቡ። በስልክ የምናዝዘው ሰው ፊቱ አይታየንም፤ ስለዚህ ሌባ ብሎ መጥራት ይቀለናል። ነገር ግን እርሱም እናት አለው።

የእናቴ ካርድ ዛሬ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። እኔ ከቀጠፍሁት ዛላ ሽያጭ በሚደርሰኝ ገንዘብ አዲስ እንደማሳትምላት ነግሬአታለሁ፤ እርስዋ ግን አልቸኰለችም። ደንበኞችዋ በብዕር የታረመውን ቁጥር አይተው «ይህ ምንድን ነው?» ሲሉ «ልጄ ነው ያበላሸው፤ ያረመውም እርሱ ነው» ትላቸዋለች። እነርሱም ይስቃሉ፤ ካርዱንም ወደ ኪሳቸው ከመክተታቸው በፊት ቁጥሩን ሌላ ጊዜ ያነቡታል።